የኮፕሪቭሽቲትሳ በሮች

ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም፣ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶፊያ ከተላኩት አንዱ ነበር። ቡልጋሪያ ከተነሳ ወሬው ሁሌም ስለ እርጎው፣ ስለ በረዶውና ስለ ኮፕሪቭሽቲትሳ ነው። ተራራ ላይ ያለችውን ይህችን ትንሽ ከተማ በር በሩን እየቆጠረ ያወራልን ነበር። አምና አረፈ። እኔ ፍራንክፈርት ነበርኩ፣ ለቀብሩ አልደረስኩም። ዘንድሮ በመስከረም መጨረሻ የአራት ቀን ፈቃድ ሳገኝ ሌላ ቦታ አላሰብኩም። ለሶፊያ ትኬት ቆረጥኩ።

ከሶፊያ ወደ ምሥራቅ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በባቡር የምትሄዱ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ጣቢያው የከተማዋን ስም ይያዝ እንጂ ከተማዋ ገና 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራታል፤ ባቡሩን ጠብቃ ሰው የምታደርስ ትንሽ አውቶቡስ ስላለች እሷ እንዳታመልጣችሁ ቶሎ ውረዱ። መንገዱ በስሬድና ጎራ ተራራ ጫካ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከፍታው ከ1,000 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ብርዱ ግን የእንጦጦ ጠዋት ነው። ነዋሪዋ 2,000 ገደማ ነው። ቶፖልኒትሳ የሚባል ወንዝ መሃሏን አቋርጦ ይወርዳል፣ የማገዶ ጭስ ይሸታል።

መጀመሪያ የሚታያችሁ ቤቱ ሳይሆን አጥሩ ነው። ረጅም የድንጋይ ግንብ፣ የራሱ ጣሪያ ያለው ትልቅ የእንጨት በር፣ ከላይ ደግሞ ቀይ ወይ ሰማያዊ ወይ ቢጫ የተቀባ ቤት ብቅ ብሎ። ጋሼ የሚያወራው ስለነዚህ በሮች ነበር። በተለይ ስለ ትንሿ በር። በጎረቤታሞች ግቢ መካከል ባለው ግንብ ላይ የምትከፈት በር ናት፣ ኮምሹሉክ ይሏታል። ሴቶቹ ወደ መንገድ ሳይወጡ በእሷ ይጠያየቃሉ፤ ክፉ ቀን የመጣ ጊዜ ደግሞ ሰው በእሷ ከግቢ ወደ ግቢ ይሸሻል።

በሮቹ ላይ ፎቶ ያለው ወረቀትም ተለጥፏል። የጠፋ ሰው ማስታወቂያ መስሎኝ ቀረብኩ። ለካ የሞተ ሰው ማስታወሻ ነው፣ ኔክሮሎግ ይሉታል። በ40 ቀኑ፣ በ6 ወሩ፣ በዓመቱ እያሉ በየጊዜው አዲስ ይለጥፋሉ። አርባ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት ማለት እኮ ነው! የማላውቃቸውን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ እያየሁ ብዙ ቆምኩ።

ከተማዋ በታሪክ የምትታወቀው በ1876 (እ.ኤ.አ.) ነው። ቡልጋሪያ ያኔ ወደ 500 ዓመት በሚጠጋ የኦቶማን ቱርክ አገዛዝ ሥር ነበረች። አመፁ ለሜይ 1 ነበር የታቀደው፤ ምሥጢሩ ሾልኮ ፖሊሶች የከተማዋን የአመፅ መሪ ቶዶር ካብሌሽኮቭን ሊይዙ ሲመጡ፣ በአሮጌው አቆጣጠር ኤፕሪል 20 ቀን እዚሁ ፈነዳ። የመጀመሪያው ጥይት የተተኮሰው በ1813 በተሠራች አንዲት ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ላይ ነው። ድልድይዋ ዛሬም አለች፣ በጥቂት እርምጃ ትሻገሯታላችሁ። ካብሌሽኮቭ ወዲያው በጎረቤት ከተማ ፓናጉዩሪሽቴ ላሉት ጓዶቹ ጻፈላቸው፤ ደብዳቤው ላይ በተገደለው የቱርክ ሹም ደም መስቀል ተደረገበት። የደም ደብዳቤ የሚባለው ይሄ ነው። ያኔ 25 ዓመቱ ነበር። አመፁ ተቀጠቀጠ፣ እሱም ተይዞ እስር ላይ እያለ ራሱን አጠፋ። ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው። ሌላው መሪ ቤንኮቭስኪም የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። እሱም በዚያው ሰሞን ተገደለ፤ አሁን ከኮረብታው ላይ በድንጋይ ተቀርጾ ከተማዋን ቁልቁል ያያል።

አመፁን ለማፈን የወጡት የኦቶማን ታጣቂዎች ባታክ የምትባል ከተማ ውስጥ ሴት ሕፃን ሳይሉ ሺዎችን ጨረሱ። ወሬው በጋዜጠኞች በኩል አውሮፓ ሲደርስ ዓለም ተንጫጫ፣ በዓመቱ ሩሲያ ጦርነት ከፈተች፣ ማርች 3 ቀን 1878 የሳን ስቴፋኖ ውል ተፈረመ። ይህ ቀን የቡልጋሪያ ብሔራዊ በዓል ነው። እኛ ዓድዋን ባከበርን ማግሥት ማለት ነው።

ታዲያ ባታክና ፓናጉዩሪሽቴ ሲቃጠሉ ይህች ከተማ እንዴት ተረፈች? ሀብታሞቿ ወርቅ አውጥተው ለወታደሮቹ ከፈሉ። በዚህ የሚያፍር ሊኖር ይችላል፣ እኔ ግን አልፈርድባቸውም። ባይከፍሉ ኖሮ ዛሬ የምናየው አመድ ነበር። ደግሞ ሀብታም ሁሉ በገንዘቡ ብቻ አልከፈለም። ኦስሌኮቭ የሚባለው ነጋዴ ለአመፀኞቹ ልብስ በማሰፋቱ ተገድሏል። በ1850ዎቹ ያሠራው ቤት ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ የሩቅ ከተሞች ሥዕል አለ፣ ውስጡ ደግሞ ጣሪያው በእንጨት ቅርጽ ተሠርቶ አንገት እስኪያም ያስቃኛል። የዚህ ከተማ ሰዎች በበግ፣ በሱፍና በግብር ሰብሳቢነት ከብረው እስከ ኢስታንቡልና እስክንድርያ ይነግዱ ነበር፤ ያዩትን ሁሉ ይዘው መጥተው ቤታቸው ላይ አስቀመጡት። በ1837 ትምህርት ቤትም ሠርተዋል። በራስ ፊደል፣ በራስ ቋንቋ መማር ለነሱ ከጠመንጃው የቀደመ ትግል ነበር፤ በፊደል ለሚኮራ ሕዝብ ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም።

ለስድስቱ ሙዚየም ቤቶች አንድ የጋራ ትኬት አለ። ሰኞ ወይ ማክሰኞ የሚዘጉ ስላሉ ቀኑን አስቡበት። እኔ የሄድኩት ዓርብ ነው። ምሳ ላይ ሥጋ እንደማልበላ ለአስተናጋጇ በእጅም በአፍም ሳስረዳ «ፖስትኖ?» አለችኝ። የጾም ማለት ነው። ጋሼ ያስተማረኝ ቃል ስለነበር ደነገጥኩ። የባቄላ አይነት ትኩስ ሾርባ ከዳቦ ጋር አመጣችልኝ፣ ቦብ ቾርባ ይባላል።

ከዚያ ወደ ላይ፣ በ1817 ወደ ተሠራችው ሰማያዊ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ግቢው መቃብር ነው። እዚያ የገጣሚው ዲምቾ ደቤልያኖቭ መቃብር አለ። በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ29 ዓመቱ የሞተው ከአገሩ ውጭ፣ ዛሬ ግሪክ በሆነ መሬት ላይ ነው። አፅሙ የመጣው በ1931 ነው። በጣም በሚታወቅ ግጥሙ ማታ ወደ አባቱ ቤት መመለስን፣ አሮጊቷ እናትም ደጃፍ ላይ ስትቀበል ይመኛል። ኢቫን ላዛሮቭ የሚባል ቀራፂ ያችን እናት መቃብሩ ላይ አስቀምጧታል። ሻሽ አስራለች፣ ኩርምት ብላ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አያቴ ማታ ማታ በረንዳ ላይ የምትቀመጠው እንደዚያ ነበር፤ ጋሼ ሶፊያ እያለ ስንት ዓመት ጠብቃዋለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሻማ የሚተከልበት ቦታ ሁለት ነው፦ ከላይ ለሕያዋን፣ ከታች አሸዋው ውስጥ ለሙታን። ሻማ የምትሸጠው እናት ሁለት ሰጠችኝ፣ አልጠየቀችኝም። አንዱን ለእናቴ ከላይ ተከልኩ። ሁለተኛውን ይዤ ጎንበስ አልኩ። አሸዋው ውስጥ ሌሎች ሻማዎች ነበሩ፣ ገና አላለቁም። ከነሱ አጠገብ ተከልኩትና የጋሼን ስም፣ የክርስትና ስሙን፣ ድምፄን አውጥቼ ጠራሁ።