ሌቭሉ አልተሰበረም ነበር

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አዋሽ ሸለቆ ውስጥ፣ አሚባራ አካባቢ የመስኖ ቦይ እየቆፈርን ነበር። እኔ ሰርቬየር፣ የመሬት ቀያሽ ነኝ። ከአዲስ አበባ ከመውጣቴ በፊት ንብረት ክፍል ሁለት ሌቭል አሳየኝ። ሌቭል ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ትራይፖድ ላይ ተተክሎ የመሬትን ከፍታና ዝቅታ የምናነብበት መነጽር ነው። አንዱ ከባድ ነው፤ የቆየ፣ ቀለሙ የተላላጠ። ሌላው አዲስና ቀላል፣ ገና ላስቲኩ ያልተነሳ። ሳላመነታ አዲሱን ፈርሜ ወሰድኩ። በሦስት ፕሮፎርማ ተወዳድሮ በትንሹ ዋጋ የተገዛ መሆኑን አውቅ ነበር። ግን አዲስ ዕቃ ምን ይሆናል?

መሣሪያው ፒክአፑ ጭነት ላይ፣ ከአካፋና ከዶማ ጋር ተጫነ። ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ መንገዱ ኮረኮንች ነው። ደርሰን ሳጥኑን ሳነሳው ውስጡ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ስፖንጁ ስስ ነበር። ስከፍተው ግን ምንም አልሆነም። ሌንሱ ንጹህ ነው፣ ልክ መቆሙን የምታሳየው አረፋም ክቧ መሃል ላይ ቁጭ ትላለች። ሥራ ጀመርኩ። ሌቭሉን ባቆምኩት ቁጥር መጀመሪያ ከኋላዬ ከፍታው የታወቀ ቦታ ላይ፣ ቀጥሎ ከፊቴ አዲሱ ቦታ ላይ የቆመውን ስታፍ፣ ማለትም ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ አነባለሁ።

የእኛ ቦይ ተዳፋት 1 ለ4000 ነበር። በአንድ ኪሎ ሜትር የሚወርደው 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዓይን ካየኸው ሜዳ ነው። ውሃው ግን ያቺን 25 ሳንቲ ተማምኖ ነው የሚሄደው።

ፎርማናችን ፈቃድ ላይ ነበሩ። ሲመለሱ 640 ሜትር ቆፍረናል። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ዕድሜያቸውን በመስኖ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ትራይፖዱ መሬቱ ላይ የተዋቸውን ቀዳዳዎች እያዩ የቦዩን ዳር ዳር ሄዱ። ከዚያ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ኋላህን 20 ሜትር፣ ፊትህን 60 ሜትር ላይ ነው እንዴ ስታነብ የከረምከው?»

«አዎ ጋሼ። ቶሎ ለመሄድ ብዬ ነው።»

«ሌቭሉንስ ስትረከብ ፈትሸኸዋል?»

«አዲስ ነው እኮ ጋሼ።»

አልተቆጡም። ከመኪናው ወንበር ኋላ አንድ ጥቅል ቱቦ አወጡ። ግንበኞች ልክ የሚያወጡበት፣ ውስጡ የሚታይ፣ ከ20 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ቱቦ ነው። ውሃ ሞሉት። አየር እንዳይቀርበት በጣታቸው እየነካኩ አረፋውን አንድ በአንድ አስወጡ። ሁለት ችካል በ20 ሜትር ርቀት መታን። የቱቦውን ውሃ እያየን፣ የሁለቱ ችካል አናት እኩል እስኪሆን በመዶሻ ቀስ እያልን አወረድነው። ከዚያ ሌቭሉን አንደኛው ችካል ሥር አስተከሉኝ። ቅርቡ ችካል ላይ የቆመውን ስታፍ ሳነብ 1.462 ሜትር። የሩቁም ያው መሆን ነበረበት። 1.467 አለኝ። ማለዳ ነው፣ የስታፉ ቁጥሮች በሙቀት መንቀጥቀጥ ገና አልጀመሩም። ሰበብ የለኝም። ዓይኔን ጠርጌ ደገምኩት። 1.467።

«አሁን መሃል ላይ ትከለው።» 10 ሜትር ከዚህ፣ 10 ሜትር ከዚያ። ሁለቱም ችካል ላይ አንድ ቁጥር።

ሌቭሉ በ20 ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሽቅብ ያያል። መሃል ላይ ከቆመ ስህተቱ ከሁለቱም ወገን እኩል ስለሚገባ ይጠፋፋል። እኔ ግን ባቆምኩት ቁጥር ፊቴን ከኋላዬ 40 ሜትር አስረዝሜዋለሁ። በእያንዳንዱ 1 ሳንቲ። 8 ጊዜ አቁሜያለሁ፣ 8 ሳንቲ። በ640 ሜትር ውስጥ ቦዩ መውረድ የነበረበት 16 ሳንቲ ነው። ግማሹ ጠፍቷል።

ሠራተኞቹ ያንን ሁሉ መሬት በዚያ ፀሐይ እንደገና በዶማ ዝቅ አደረጉት። ፊታቸውን ማየት ከብዶኝ ነበር። አሮጌው ሌቭል ከአዲስ አበባ ተላከልን። ጋሼ ራሳቸው በቱቦው ፈተሹት። ልክ ነበር።

ያ አዲሱ ሌቭል ተሰብሮ ቢሆን አንድ ቀን ሥራ ፈትተን እንቀር ነበር። ያልተሰበረ መምሰሉ ነው የጎዳን። ከዚያ ወዲህ የመስክ ዕቃ ስመርጥ «ይሰበራል ወይ?» ብቻ አልልም። ሲዛባ ያሳውቀኛል ወይ? እኔስ እዚያው ሜዳ ላይ ልፈትሸው እችላለሁ ወይ? ሳጥኑ ላይ አይፒ67 የሚል ካየሁ፣ አቧራ አያስገባም፣ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው። ጥሩ ነው። ስለ መውደቅና ስለ ኮረኮንች ግን አንድም ቃል አይናገርም። ስለዚህ የሳጥኑን ስፖንጅ በእጄ እጫነዋለሁ። ሌቭሉን ተክዬ የትራይፖዱን እግር በጣት መታ አደርጋለሁ፤ መነጽሩ ውስጥ የምትታየው መስመር ተንቀጥቅጣ ወደ ነበረችበት ቁጥር መመለስ አለባት። ትራይፖድ ከሆነ እንጨቱን እመርጣለሁ። ይከብዳል፣ ግን ነፋስ አይገፋውም፣ ፀሐይም እንደ አሉሚኒየሙ አያዛባውም። ተዘርጊው ስታፍ ላይ መቆለፊያዋን ደጋግሜ እጫናለሁ፤ ከላላች ስታፉ ሳታውቀው ዝቅ ይላል። የብረት ሜትርም ቢሆን ሙቀት ይለጥጠዋል። በ20 ዲግሪ የተስተካከለ 30 ሜትር፣ በ40 ዲግሪ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጫፉ ተቆርጦ የተቀጠለ ሜትር ደግሞ ጨርሶ አልይዝም።

በቅርቡ ለመሥሪያ ቤታችን ሌቭል እንድመርጥ ታዝዤ ሁለት ሱቅ ሄድኩ። ሁለቱንም ሳልከፍል በችካል ልፈትሸው አልኳቸው። የመጀመሪያው «ካርቶኑ ከተከፈተ የእርስዎ ነው» አለኝ። ሁለተኛው ልጁን ጠርቶ ስታፍ አስያዘልኝና ከሱቁ ጀርባ ያለው ግቢ ውስጥ ወጣን። ሁለት ቦታ አቁሜ አነበብኩ። ዋጋው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ለግዢ ክፍል ሁለቱን ንባብ ጽፌ ከፕሮፎርማው ጋር አያይዤ ሰጠሁ። ሲገዛልኝም ፒክአፑ ጭነት ላይ አልጫንኩትም፤ ጉልበቴ ላይ ይዤው ሄድኩ።