ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር

ዛሬ በሪሞት የማበራት ትንሽ ሄሊኮፕተሬ ወድቃ አራተኛውን ክንፍ ሰበርኩ። አልተናደድኩም። እንዲያውም ስብርባሪውን ከሣሩ ውስጥ ስለቅም ብቻዬን ሳቅሁ።

የመጀመሪያዋ ሄሊኮፕተሬ ሁለት ክንፎች ተደራርበው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩላት ዓይነት ነበረች። የሪሞቱን ማንሻ ብለቀውም ራሷ ትረጋጋለች። በሳምንቱ «ገባኝ» ብዬ ባለ አንድ ክንፏን ገዛሁ። ጉዱ ከዚያ ጀመረ። ዋናው ክንፍ ወደ አንድ ጎን ሲዞር አካሏ በተቃራኒው ልዙር ይላል፤ ይህን የምትከለክለው ጅራቷ ላይ ያለችው ትንሽ ማራገቢያ ናት። የኔዋ ላይ ያለው ጋይሮም (መዞሯን እያነበበ የሚያርመው መሣሪያ) የሚያግዘው ጅራቷን ብቻ ነው። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን መንሸራተቷን የሚያርመው የኔው ጣት ነው፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርስና አብዝቶ ይገፋል።

ዝቅ ብዬ ባበር የማልጎዳት መስሎኝ ነበር። ለካስ መሬት አጠገብ ራሷ ወደ ታች የምትገፋው ነፋስ ተመልሶ ያንገላታታል። ፈራ ተባ እያልኩ እስከ ዓይኔ ቁመት ሳወጣት ነው የተረጋጋችው። ለማረፊያው ከእግሯ ሥር ጫፋቸው ላይ ኳስ የተሰካባቸው ረጃጅም ዘንጎች አስሬላታለሁ፤ ሸረሪት መስላለች። የሄሊኮፕተር ሠሪው ሲኮርስኪም እ.ኤ.አ. በ1939 ቪኤስ-300 የተባለችውን ሄሊኮፕተሩን ሲሞክር መጀመሪያ በገመድ ከመሬት ጋር አስሯት ነበርና አላፍርም።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ስታንዣብብ አሁን አልቸገርም። ጭንቁ ፊቷን ስታዞር ነው። የሷ ቀኝ የኔ ግራ ይሆናል። ወደ ግራዬ ስትንሸራተት እጄ ሳያስብ ማንሻውን ወደ ቀኝ ይገፋል፤ እሷም ይብሱን ወደ ግራ ትከንፋለች። ይህን በወረቀት ላይ ሥዬ ለራሴ አስረድቻለሁ። እጄ ግን ወረቀት አያነብም። የጠቀመኝ አንድ ዘዴ ብቻ ነው፦ ያዘነበለችበትን ጎን አይቶ ማንሻውን ወደዚያው መግፋት፣ እንደሚወድቅ ነገር ከሥር ደገፍ እንደማድረግ። በሲሙሌተር (በኮምፒውተር ላይ በረራ በሚያለማምድ ፕሮግራም) ስንት ማታ ፈጀሁበት!

ዛሬ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ እስከ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ልል ስል ነፋስ መጣ፤ የቀኝ እጄም ወደ ድሮ አመሉ ተመለሰ። የግራ እጄ ግን፣ እሰየው፣ የሞተሩን ጉልበት ወዲያው ቆረጠ። ባለፉት ሦስት ጊዜያት ስትወድቅ አድናለሁ ብዬ ጉልበት ጨምሬ ነበር፤ ክንፉ በሙሉ ኃይል መሬቱን ሲመታ ሞተሩ የሚያዞረው ትልቁ ባለ ጥርስ ጎማም አብሮ ተላጨ። ዛሬ ጎማውን በጣቴ እያዞርኩ ጥርሱን አንድ በአንድ አየሁት። ሁሉም አለ። ያሳቀኝም እሱ ነው።

ትርፍ ክንፍ አልቆብኛል። ሳልጠቀምባቸው የቀሩትን ሁለት ባትሪዎች ሞልተው እንዳይከርሙ በየሴሉ (በውስጣቸው ባለው በእያንዳንዱ ክፍል) ከ4.2 ወደ 3.8 ቮልት አወረድኳቸው። ከዚያ ሲሙሌተሩን ከፍቼ፣ ጀርባዋን ትቼ፣ ከፊቷ ጀመርኩ።