ከጣርማ በር ቁልቁለት በኋላ

በተሳቢ መኪና ሹፌርነት ከተቀጠረ ገና ሁለተኛ ሳምንቱን የያዘውን የእህቴን ልጅ ዛሬ ደብረ ሲና ላይ ምሳ ስጋብዘው፣ ዓይኖቹ በእንቅልፍ እጦት ቀልተው ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ብቻ ቀምሶ፣ የጣርማ በርን ዋሻ በጉም ውስጥ አልፎ ያንን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ እንደወረደ ሲነግረኝ እጄ ከእንጀራው ላይ ቀረ። «ጋሼ፣ አዲስ ሹፌር ደከመኝ ካለ መኪናው ለሌላ ይሰጣል» አለኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ይደነግጋል። ጭነት ለማራገፍ ወረፋ የሚጠበቅበትም ጊዜ፣ በእኔ እምነት፣ ሥራ ነው። ሲቀጠር ግን ስለ አበሉ እንጂ ስለ ዕረፍቱ የነገረው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁለትም። ከምሳ በኋላ 2 ሰዓት እንዲተኛ ለምኜው፣ እስኪነቃ ድረስ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁት።