እሌኒ በስፓርታ

ስፓርታ የገባሁት ግንቦት 13 ነው፤ በፈረንጆቹ ሜይ 21። ግሪኮች ቆስጠንጢኖስንና እናቱን እሌኒን የሚያከብሩበት ቀን ነው። ቀኑን የመረጥኩት አውቄ ነው። በመስቀል ሰሞን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ስም ከየት እንደተነሳ ማየት እፈልግ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከኤውሮታስ ወንዝ ማዶ፣ ሜኔላዮን የሚባል ፍርስራሽ ያለበት ኮረብታ አለ። ከላይ የቀረው በትልልቅ ጥርብ ድንጋይ የተሠራ መደብ ነው። ከታች የብርቱካን ተክል፣ ፊት ለፊት ታይጌቶስ ተራራ። ስፓርታውያን እሌኒን የሚያመልኩት እዚህ ነበር፤ የትሮይ ጦርነት የተነሳባትን ቆንጆ ማለቴ ነው። የጥንቱ ግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው፣ አንዲት ሞግዚት መልከ ጥፉ ሕፃን ታቅፋ በየቀኑ ወደዚህ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት ብቅ ብላ የልጅቷን ራስ ዳበሰቻት። ልጅቷ አድጋ የስፓርታ ቁንጮ ቆንጆ ሆነች።

በፈረንጆቹ በ1975 እዚሁ ኮረብታ ላይ ሲቆፈር አንዲት ትንሽ የነሐስ ዕቃ ተገኘች፤ የዘይት ወይም የሽቶ መያዣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የ7ኛው ክፍለ ዘመን ናት። ዴይኒስ የተባለ ሰው ለስፓርታው ንጉሥ ለምኔላዎስ ሚስት ለእሌኒ እንዳበረከታት ተጽፎባታል። ስሙ ግን በ«ወ» ነው የሚጀምረው፤ «ወሌና»። ቆየት ብሎ ያቺ «ወ» ቀረች፣ «ሄሌኔ» ተባለ። ከዚያ «ሀ»ዋም ጠፋች፣ መጨረሻውም «ኒ» ሆነ። የዛሬዎቹ ግሪኮች «ኤሌኒ» ነው የሚሉት። ሄለን ከምንለው ይልቅ የአያቶቻችን እሌኒ ለእነሱ አፍ ይቀርባል። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ።

ትርጉሙ ላይ ሊቃውንት አልተስማሙም። በጥንቱ ግሪክኛ «ሄሌኔ» ችቦ ማለት ነው፤ የተጠለፈ ቅርጫትም ይባልበታል። «ሴሌኔ» ከተባለችው ጨረቃ ጋር የሚያያይዙትም አሉ፤ ያቺ «ወ» ግን መንገዱን ትዘጋባቸዋለች። እኔ ለችቦው አደላለሁ። መስቀሉን አስቆፍራ ያወጣች፣ እኛ በየዓመቱ ደመራ እያበራን የምናስባት ንግሥት ስሟ ችቦ ከሆነ ምንኛ ያምርባታል! ደግሞም ስሙን ከጣዖት ቤት አውጥታ ለክርስቲያን ልጆች ያወረሰች እሷ ናት። ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከችው የእኛዋ ንግሥት እሌኒም የወረሰችው ከእሷ ነው።

ማታ ያረፍኩበት ቤት በእንግዳ ተሞልቷል። የቤቱ እመቤት ኤሌኒ ናቸው፤ ሰው ሁሉ «ኒጻ» ይላቸዋል። የልጅ ልጃቸውም ኤሌኒ ናት፣ እሷን ደግሞ «ሌና» ይሏታል። እዚያ አገር የአያትን ስም ለልጅ ልጅ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው። ስልኩ ፋታ የለውም። የገባው ሁሉ «ክሮኒያ ፖላ!» ይላል፤ ብዙ ዓመት ኑሪ እንደማለት። በስም ቀን ጋባዧ ባለ ስሟ ስለሆነች፣ ሌና የጣፋጭ ሳህን ይዛ ትዞራለች። የእኛ መስቀል መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «መስከረም 17፣ በእናንተ ሴፕቴምበር 27» አልኳት። የእነሱ በ14 ነው። በጣት ቆጠረች፤ 13 ቀን። የድሮው የዩልዮስ አቆጣጠር የፈጠረው ልዩነት ነው እንጂ፣ በዚያ አቆጣጠር የእኛም ሴፕቴምበር 14 ላይ ይውላል።