ስም ይዞ መጠበቅ

የአክስቴ ልጅ ዶሜይን፣ ማለትም የዌብሳይት አድራሻ የሚሆን ስም፣ ሊገዛ ተነስቷል። አንድ ሁለት ሳይሆን ዝርዝር ሙሉ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ኮምፒውተርና ኔትወርክ ይጠግናል፤ ከደሞዙ እየቆነጠረ ያጠራቀማትን ገንዘብ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚነኩ ስሞች ላይ ሊያውላት ነው። ስሞቹን ይዞ ይጠብቃል፤ አንድ ቀን አንድ ኩባንያ ይፈልጋቸዋል፤ ያኔ በዶላር ይሸጣል። ሐሳቡ ይኸው ነው። «እታለም፣ አንቺ ዌብሳይት ስለምትሠሪ ታውቂዋለሽ፤ የትኞቹን ልግዛ?» ብሎ ዝርዝሩን ላከልኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም። በሁለት መስመር የሚያልቅ ነገር ስላልመሰለኝ ማታ ማታ እየጻፍኩ ላስብበት ብያለሁ።

ልጁ ያየው ነገር ውሸት አይደለም። ቻት ዶት ኮም የሚባለውን አድራሻ የሀብስፖት ሶፍትዌር ኩባንያ ተባባሪ መሥራች ዳርሜሽ ሻህ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ በ15.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ቻትጂፒቲ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ለሠራው ለኦፕንኤአይ አሳለፈው። ዛሬ ያንን አድራሻ የጻፈ ሰው ቻትጂፒቲ ውስጥ ይገባል። ቮይስ ዶት ኮም በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ደሞዙ ወር ሳይሞላ የሚያልቅበት ወጣት ይህን ሰምቶ እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

ሽያጮቹን ቀረብ ብዬ ስመረምራቸው ግን ሌላ ነገር አያለሁ። ቻት ዶት ኮም የተመዘገበው በ1996 ነው፤ ቻትጂፒቲ ከመውጣቱ 26 ዓመት ቀደም ብሎ። አንድ አጭር፣ ሁሉም አፍ ላይ ያለ ቃል ነው፤ ቴክኖሎጂው ባይመጣም ውድ ነበር። ዜናው ከተሰማ በኋላ የሚመዘገበው ሌላ ዓይነት ነው። የዚህን ልጅ ዝርዝር ብመለከተው ግብርና፣ ቡና፣ ጤና፣ ትምህርት የሚሉ ቃላት ፊታቸው ወይም ኋላቸው ላይ «ኤአይ»፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የእንግሊዝኛ ምሕጻር፣ ተለጥፎባቸዋል። ዋጋ የተጠየቀ ኩባንያ ቃሉን ገልብጦ ወይም አንድ ፊደል ጨምሮ የራሱን በጥቂት ዶላር ያስመዘግባል። ለምን ብሎ ይገዛዋል?

በዚያ ላይ ቴክኖሎጂዎቹ ራሳቸው ወረተኞች ናቸው። ፌስቡክ በጥቅምት 2021 ስሙን ሜታ ብሎ ሲቀይር «ሜታቨርስ» (በኮምፒውተር የተፈጠረ ምናባዊ ዓለም) የሚል ቃል ያለበትን ስም ሁሉ ሰው ይሻማበት ነበር። ኤንኤፍቲ በሚባሉት የዲጂታል ሥዕልና መሰል ነገሮች የባለቤትነት ምልክቶች የተሰየመው ኤንኤፍቲስ ዶት ኮም በ2022 በ15 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ገበያው መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር። ዛሬ ስለ ሁለቱም የሚያወራ ሰው ደሴ ፒያሳ ላይ አላገኝም፤ ሌላውም ዓለም ላይ ቀንሷል። ስሞቹን ይዘው የቀሩት ሰዎች ግን በየዓመቱ ለማሳደስ እየከፈሉ ይሆናል፣ ወይ ከነተስፋቸው ጥለዋቸዋል።

በዚህ ንግድ ውስጥ በእርግጠኝነት ገቢ ያገኘ አካል ብፈልግ አንጉዊላን አገኘሁ። ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች፣ በብሪታንያ ሥር የምትተዳደር፣ 16 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ደሴት ናት። ለየአገሩ የአድራሻ መጨረሻ የሚሆን ሁለት ሁለት ፊደል ሲታደል «ኤአይ» የደረሰው ለሷ ነው፤ በ1995። ያኔ የፊደሎቹ ትርጉም የአገሯ ስም ምሕጻር ብቻ ነበር። በ2023 በእነዚያ ሁለት ፊደላት ከሚያልቁ ስሞች ብቻ 32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብታለች፤ ከመንግሥቷ ገቢ ከአምስት አንዱን የሚበልጥ። በዚያ ገንዘብ ለሕዝቧ የምትሠራው ካላት ደስ ይለኛል፤ ትንሽ አገር ናት፣ ዕድል ቀንቷታል። ግን ገንዘቡ የመጣው ከማን እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከሚሸጥላቸውም ከማይሸጥላቸውም ስም ያዦች፣ እኩል። የአክስቴ ልጅም ከእነሱ አንዱ ሊሆን ነው።

የዶት ኤአይ ትንሹ ምዝገባ ለሁለት ዓመት ነው፤ የአንጉዊላ መዝገብ ለዚህ ሲያስከፍል የቆየው 140 ዶላር ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ይህ ስምንት ሺህ ብር ያህል ነበር። ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ያው ስም በትንሹ 14 ሺህ ብር ሆነ ማለት ነው። ለአንድ ስም። ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና። የብር ደሞዝተኛ የዶላር ኪራይ ተሸክሞ ስንት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል?

እሱ «መሬት ማለት ነው» ይለኛል። ፓርኩ ሊሠራ ነው፣ የባቡር ሐዲዱ ሊዘረጋ ነው ሲባል ኮምቦልቻ ዳር ዳር ቀድሞ ቦታ የያዘ ሰው ተጠቅሟል፤ ዶሜይንም ያው ነው ባይ ነው። ምሳሌውን ንቄ ማለፍ አልፈለግሁም፣ ብዙ አሰላሰልኩት። እውነት ነው፣ መሬት ይመስላል፤ የሚመስለው ግን የሊዝ መሬትን ነው። ስሙ የማንም ንብረት አይሆንም፣ ኪራይ ነው። የመኖሪያ ቦታ ሊዝ 99 ዓመት ይሰጣል፤ የዶሜይን ስም በአንድ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ አይመዘገብም። ባዶ ቦታ ላይ እንኳ ጎመን ይተከላል፣ መጋዘን ይቀለሳል፣ ይከራያል። ምንም ያልተሠራበት ስም ምንም አያበቅልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሬት አይጨመርም። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተጣብቃ ያለች ከተማ ናት፤ ቦታዋ የሚወደደው ሌላ ስለሌለ ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን ዶት ኮምና የአገራት መጨረሻዎች ብቻ አይደሉም ያሉት፤ የኢንተርኔት ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው ድርጅት አይካን እ.ኤ.አ. በ2012 ማመልከቻ ተቀብሎ ከዚያ ወዲህ ከ1,200 በላይ አዳዲስ መጨረሻዎች ተከፍተዋል። አንዱ ሰፈር ሲወደድ ሌላ ሰፈር ይከፈታል።

የእኛ ቃላት ሲሆኑ ደግሞ የባሰ ነው። ኮምቦልቻን በላቲን ፊደል አንዱ በኬ ይጀምረዋል፣ ሌላው በሲ። ደሴን በአንድ ኤስም በሁለት ኤስም የሚጽፍ አለ፤ ወሎም እንዲሁ። አንዱን ስም የያዘ ሰው ሌሎቹን አልያዘም። በፊደላችን የሚመዘገብ ስምም አለ፤ እዚያም ላይ ሐመሩ ሐ፣ ሃሌታው ሀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ እያለ አንድ ቃል በብዙ መንገድ ይጻፋል። ለጠባቂ ነጋዴ ይህ ሁሉ ኪሳራ ነው።

ከዝርዝሩ ሦስቱን ያለ ምንም ማመንታት ሰርዤያለሁ፤ የታወቁ ኩባንያዎችን ምርት ስም የያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የሚሠራበት የአይካን የክርክር ሥርዓት አለ። የንግድ ምልክቱ ባለቤት ስሙ ከምልክቱ ጋር እንደሚምታታ፣ ያዡ ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለውና በክፉ ልብ አስመዝግቦ እንደተጠቀመበት ካሳየ ስሙን ያለ ካሳ ይወስደዋል።

ክፍያው ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ የሌለው ሰው ዘመድ ለምኖ ያስከፍላል፤ ሂሳቡም፣ የይለፍ ቃሉም፣ የማሳሰቢያው ኢሜይልም እዚያው ዘመድ ጋ ይቀራል። ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት አንድ የደሴ ነጋዴ ለዓመታት የሠራበት አድራሻ እንዲሁ አምልጦታል። ማሳሰቢያው ቢላክም የሚያነበው አልነበረም። ዶት ኮም ቀኑ ካለፈ በኋላ እንደ መዝጋቢው ድርጅት ጥቂት ሳምንታት ይታገሳል፤ ከዚያ 30 ቀን ቅጣት ተከፍሎበት የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ አምስት ቀን፣ ከዚያ ነፃ ይሆናል። ነፃ በሆነበት ቅጽበት የሚነጥቁ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሰው እጁን ሳይዘረጋ ያልቃል። ነጋዴው ስልኩ ሲከፈትለት የሱቁ ስም ላይ ያገኘው «ይህ ስም ለሽያጭ ነው» የሚል ገጽ ነበር። ካርዱን ያሳተመበት፣ ኮንቴይነሩ ላይ ያስጻፈው ስም ነው። ሰውየው ቢሮዬ መጥቶ ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለ ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ተጠንቀቅ» ብዬ እተወው ነበር። ከዚህ በላይ የሚከብደኝ አለ።

ባለፈው ዓመት አራት ተመራቂዎች አብሬያቸው እንድሠራ ጠይቀውኝ ነበር። ገበሬ የስንዴ ቅጠሉን በስልክ ፎቶ ሲያነሳው ዋግ የሚባለው የሰብል በሽታ መሆን አለመሆኑን የሚለይ ፕሮግራም ነው የጀመሩት። ደሴ ዙሪያና ጃማ ድረስ በእግር፣ በአይሱዙ እየሄዱ ፎቶ ሰብስበዋል። እያንዳንዱን ፎቶ ከግብርና ባለሙያ ጋር ተቀምጠው «ይሄ ቢጫ ዋግ፣ ይሄ የግንድ ዋግ፣ ይሄ ጤነኛ» እያሉ ለይተዋል። ኮምፒውተሩ የሚማረው ከዚያ ነው፤ ያለዚያ ትዕግሥት ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባል ነገር የለም። ዋግ እርሻ ላይ አንዴ ከገባ ለመድኃኒት ርጭት ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ያንን ቀን ለገበሬው ሊያተርፉለት ነው የለፉት። ሁሉ ነገር ደርሶ አድራሻ ልናወጣለት ስንል የመረጡት ስም ተይዟል። ገበሬው ሰምቶ የሚይዘው፣ አጭር የአማርኛ ስም ነበር። ምንም የለበትም፣ ባዶ ገጽ። በኢሜይል ጠየቅን፤ ያዡ በሺዎች ዶላር ዋጋ መለሰ። ከአራቱም ቤተሰብ የአንዱም የዓመት ገቢ አይሞላውም።

እኔ ያን ምሽት የተሰማኝን ቁጣ እስካሁን አልረሳሁትም። ያ ሰው ሕግ አልጣሰም፤ ቀድሞ መጣ፣ ከፈለ፣ ያዘ። ግን ስሙ ዋጋ ያገኘው በማን ልፋት ነው? ቅጠል ሲያነሱ ጭቃ ውስጥ የዋሉት ልጆች ናቸው ዋጋ የሰጡት። እሱ የጨመረው ነገር ቢኖር መሰናክል ነው። ልጆቹ ሌላ፣ ረዘም ያለ፣ አፍ ላይ የማይቀመጥ ስም ወሰዱ። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ገበሬው ግን አድራሻውን ሁልጊዜ ይሳሳተዋል፣ እነሱም በስልክ ፊደል በፊደል እያስቆጠሩ ያስጽፉታል።

አሁን የአክስቴ ልጅ ዝርዝር ላይ «ስንዴ» የሚል አለ። «ማሽላ» የሚል አለ። እናቱ ቃሉ ወረዳ ማሽላ የሚዘሩ ሰው ናቸው። ነገ ለማሽላ አንድ ነገር የሚሠራ የወረዳው ልጅ ቢመጣ በሩ ላይ ቆሞ ዶላር የሚጠይቀው ይህ ልጅ ሊሆን ነው። እንዲህ ለማድረግ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ገዢው ሩቅ አገር ያለ ትልቅ ኩባንያ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። በእኛ ቃል የተሠራ ስም የሚፈልገው ግን የእኛው ልጅ ነው፤ የሚከፍለውም እሱ ነው።

«ታዲያ እኔ ካልያዝኩት ሌላው ይይዘዋል» ይለኛል፣ አውቃለሁ። ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም። ሌላው ሊይዘው ይችላል። እኔ የምፈልገው እሱ እንዳይሆን ነው፤ ለእሱ ስለማስብ።

ዝርዝሩን ደጋግሜ ሳነበው መሀል ላይ አንድ ስም ዓይኔን ያዘው፤ ከስፌት ጋር የተያያዘ። ባለፈው አረፋ ቤት የመጣ ጊዜ ጨርቅ ላይ ያለ የስፌት ጉድለትን በካሜራ የሚለይ ነገር እየሞከርኩ ነው ብሎ አጫውቶን ነበር፤ ቡናው በረካ ላይ ደርሶ እንኳ እሱ ስለ ክር መዝለልና ስለ ዘይት ነጠብጣብ ያወራ ነበር። የስፌት መስመሩን ያውቀዋል፤ ተቆጣጣሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ልብስ እያገላበጡ ዓይናቸው እንዴት እንደሚደክም በየዕለቱ ያያል። ይህንን ዕውቀት ስም ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው በየትም አገር አያገኘውም።

ስለዚህ ነገ የምጽፍለት ይህን ነው። ሌሎቹን ተዋቸው፤ በተለይ የሰብል ስም ያላቸውን። የስፌቱን ግን በዶት ኤአይ ሳይሆን በዶት ኢቲ እናውጣው፤ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ በብር ይከፈላል፣ ሂሳቡም በራስህ ስም ይሆናል። የመጀመሪያውን ክፍያ እኔ እችላለሁ፤ ገጹንም እሠራልሃለሁ። ያጠራቀምካትን ገንዘብ ደህና ካሜራና መብራት ግዛባት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አለ፤ የጨርቁ ፎቶ የፋብሪካው ነው። ሰኞ ስትገባ ኃላፊህን አነጋግረህ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበል።