የዘንድሮ አንደኛ ክፍሎችና የ2029 ዓ.ም. ድሬዳዋ

በ2018 ዓ.ም. መስከረም ድሬዳዋ ውስጥ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ ሳይደግምና ሳያቋርጥ ከዘለቀ፣ በ2023 ዓ.ም. የስድስተኛ፣ በ2025 ዓ.ም. የስምንተኛ፣ በ2029 ዓ.ም. ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይወስዳል። ስለ መንግሥት ትምህርት ቤቶቻችን መሻሻል በረጅም ጊዜ ዕቅድ ስንነጋገር መለኪያችን የዚህ ልጅ ዕድሜ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ የበጀት ዓመቱም ሆነ የአንድ ርዕሰ መምህር የሥራ ዘመን ለዚህ ያጥራሉ።

ዕቅድ አጥተን አናውቅም። አገሪቱ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር በተከታታይ ስታወጣ ቆይታ፣ ስድስተኛው ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ሸፍኗል፤ እስከ 2022 ዓ.ም. የሚዘልቅ ፍኖተ ካርታም አለ። በትምህርት ቤት ደረጃ ደግሞ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በመማር ማስተማር፣ በምቹ የትምህርት አካባቢ፣ በአመራርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ ራሱን ገምግሞ የሦስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ እንዲያወጣ ይጠበቃል። አሠራሩ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ርዕሰ መምህሩ ሲዛወር ነው፤ አዲሱ ርዕሰ መምህር ግለ ግምገማውን ከመጀመሪያ ያስጀምራል፣ የቀድሞው ሰነድ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል፣ የሦስት ዓመቱም ዕቅድ ሦስተኛ ዓመቱን ሳያይ ሌላ ይተካበታል። እኔ የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት በሁለተኛ ክፍል የጀመረውን የንባብ ክትትል ያቋረጠው በዚህ መንገድ ነው። ክትትሉን ይቅር ያለ ሰው አልነበረም፤ የተረከበው ሰው ስላልነበረ ብቻ ቀረ።

የኢንስፔክሽኑም አሠራር ሳይፈልግ ወደ አጭር ጊዜ ይገፋል። ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ሲመዘኑ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ከመቶ ይይዛሉ፤ በድምሩም ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። ትልቁ ድርሻ የውጤት መሆኑ ተገቢ ነው። ሆኖም አጥር ማጠር፣ መጸዳጃ ቤት መሥራትና ቤተ ሙከራ ማደስ በአንድ ክረምት የሚታይ ለውጥ ሲያመጡ፣ አንድን ክፍል በሚገባ አንባቢ ማድረግ ግን ዓመታት ይወስዳል፤ ስለዚህ ጉልበቱና ከወላጅ የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ መጀመሪያዎቹ ያመዝናል። መጸዳጃ ቤት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ለልጃገረዶች ትምህርት ቤት ውስጥ መቆየትና አለመቆየት የሚወሰነው በእርሱ ነው። የምለው ዕቅዱ ፈጥኖ የሚታየውንና ዘግይቶ የሚታየውን ለይቶ ለሁለቱም የየራሱን ጊዜና በጀት ይስጥ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት የአገሪቱ ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ ሁላችንም ደነገጥን። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ደርሷል። ከዚያ በኋላ የተወራው በአብዛኛው ስለ ማጠናከሪያ ትምህርት ነበር። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የተፈተኑት ልጆች አንደኛ ክፍል የገቡት በ2003 ዓ.ም. ገደማ ነው። የጎደላቸው ነገር በአብዛኛው የጎደለው ያኔ፣ ንባብ በሚለመድባቸው የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት እንደሆነ አስባለሁ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የሚሰጥ የቅዳሜ ማጠናከሪያ የዚያን ጊዜ ክፍተት አይሞላም።

ስለ ንባብ ስናነሳ ድሬዳዋ የራሷ ጉዳይ አላት። ልጆቻችን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይማራሉ፤ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች መንገድ ላይ ሦስቱንም እያፈራረቁ ሲጫወቱ መስማት ይህን ከተማ ከምወድባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። በአማርኛ የሚማረው ልጅ ከሁለት መቶ የሚበልጡ የፊደል ቅርጾችን መለየት ይጠበቅበታል፤ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ የሚማሩት ደግሞ በላቲን ፊደል ስለሚጽፉ የሚያውቋቸው ምልክቶች ጥቂት ቢሆኑም ረጅምና አጭር አናባቢን፣ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅን በጽሑፍ መለየት አለባቸው። የመማሪያ ፍጥነታቸውም ሆነ የሚሰናከሉበት ቦታ ይለያያል። ስለዚህ የከተማውን የንባብ ደረጃ በአንድ አማካይ ቁጥር መግለጽ ማንንም አይረዳም፤ በአንዱ ቋንቋ የተገኘው መሻሻል የሌላውን መውደቅ ይሸፍነዋል። ለየቋንቋው የተለየ መለኪያ፣ የተለየ መነሻና የተለየ ግብ ያስፈልጋል። መለኪያው ውድ መሆን የለበትም፦ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ከዚያው ጉድኝት፣ ማለትም ተቀራርበው አብረው ከሚሠሩት ትምህርት ቤቶች፣ ከሌላኛው የመጣ መምህር እያንዳንዱን የሁለተኛ ክፍል ልጅ አጭር ምንባብ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያድርገው፤ በደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበና ያነበበውን ተረድቶ እንደሆነ ይመዝግብ። ይህ መዝገብ አሥር ዓመት ሳይቋረጥ ቢያዝ ከብዙ ሪፖርት የበለጠ ያስተምረናል።

የመምህራንም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በሦስቱም ቋንቋዎች ለመጀመሪያ ደረጃ የሚበቃ መምህር የሚገኘው ዓመታትን ከሚጠይቅ ሥልጠና በኋላ ነው፤ ስለዚህ በ2023 ዓ.ም. የሚያስፈልገው መምህር ዘንድሮ ካልታቀደ በዚያን ጊዜ ሊገኝ አይችልም። በየቋንቋው ስንት መምህር በአሥር ዓመት ውስጥ ጡረታ እንደሚወጣ ከሰው ኃይል ፋይል ማውጣት ከባድ ሥራ አይደለም።

የተማሪውን ቁጥር መገመት ግን ይከብዳል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ ያኔ 341,834 ነበር። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ የትምህርት ቤት ዕድሜውን ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ የሳቢያን ሰፈር ሰፍቷል፣ አዲሱ ባቡር መጥቷል፣ የነፃ ንግድ ቀጣናው በ2014 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሥራ ፍለጋ የሚመጣው ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ቆጠራ እስኪካሄድ ድረስ የክትባት መዝገብና የቀበሌ የልደት ምዝገባ ከስድስት ዓመት በኋላ አንደኛ ክፍል በር ላይ የሚቆሙትን ልጆች በሰፈር በሰፈር ሊያሳዩን ይችላሉ። አዲስ ክፍል የት እንደሚሠራ ሲወሰን በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያደረሰውን እልቂት ማስታወስም ግድ ነው።

ሙቀቱም የዕቅዱ አካል ሊሆን ይገባል። በግንቦትና በሰኔ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ ፈረቃ የሚማር ልጅ ከጠዋቱ ልጅ ጋር እኩል ተምሯል ማለት አይቻልም። የፈረቃ ትምህርትን ማስቀረት ብዙ ክፍሎች ስለሚጠይቅ የአሥር ዓመት ሥራ ነው፤ ዘንድሮ በየግቢው የሚተከል የኒም ችግኝ ግን ይህ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሳይደርስ ጥላ ይሰጣል። በቢዮ አዋሌ፣ በዋሂልና በጀልዴሳ በኩል ላሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች የሚቀድመው ውኃ ነው፤ ልጆች ውኃ ለመቅዳት ከክፍል በሚቀሩበት አካባቢ ስለ ንባብ ፍጥነት መነጋገር ጊዜው ገና ነው።

ይህ ሁሉ ከአንድ ርዕሰ መምህር ወደ ሌላው እንዲሻገር ዕቅዱ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት እጅ መሆን አለበት። ርዕሰ መምህር ሲቀየር የወንበርና የጠረጴዛ ርክክብ በሞዴል፣ ማለትም በመንግሥት የንብረት ቅጽ፣ ተፈርሞ ይካሄዳል፤ የዕቅዱም ርክክብ እንዲሁ በቃለ ጉባኤ ይፈረም፤ በየትኛው ክፍል ምን ያህል ልጆች እንደሚያነቡ፣ የተጀመረው ሥራ የት እንደደረሰ፣ ቀጣዩ ሰው ያለ ኅብረቱ ስምምነት ሊለውጠው የማይችለው ግብ የቱ እንደሆነ ይጻፍበት። ይህን የርክክብ ቅጽ ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፤ በሰኔ በሚደረገው የወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አቀርበዋለሁ፤ በሌሎች ትምህርት ቤቶች የኅብረቱ አባል የሆናችሁ ወላጆችም በየጉባኤያችሁ ብታነሱት ዕቅዱ ሐምሌ 1 ከሚጀምረው በጀት ጋር አብሮ ሊገባ ይችላል።