የጅሬን መንገድ ሱፐርማርኬት

ከጅማ መሃል ከተማ እስከ ጅሬን ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው የሚወጣው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ነው፤ እኔም አየሁት። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት የእንጨት ሰገነት ያምራል። ግን እሱን ሌሎች ብዙ ጽፈውለታል። የጅማ ዝናብ ደግሞ መጣሁ አይልም። ስመለስ ያዘኝና መንገድ ዳር ያለ አንድ ሱፐርማርኬት ገባሁ።

ማስታወቂያው በእጅ የተጻፈ ነው፤ ቀዩ ቀለም ወይቧል። ከጽሑፉ ጎን ጋሪ ተስሏል፤ ውስጥ ግን ጋሪ የለም፣ የፕላስቲክ ቅርጫት እንጂ። ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ነጭ፣ ልክ እንደ ድሮ ክሊኒክ። የቺፑድ ኮርኒሱ ውሃ ያገኘው ጥግ ላይ ጎብጧል። ከባንኮኒው በላይ አቧራ የጠገበ የፕላስቲክ አበባና ዓመቱ ያለፈ ካላንደር ተሰቅለዋል።

ቤቱ መጀመሪያ ተራ ሱቅ እንደነበር ያስታውቃል። የጎኑን ክፍል ግድግዳ አፍርሰው ነው ያሰፉት። ወለሉ ላይ ሲሚንቶው ያልቅና ሴራሚክ ይጀምራል። በአዲሱ በኩል ሁለት ረድፍ የብረት ሼልፍ ቆሟል፤ በአሮጌው በኩል ባንኮኒውና የእንጨት መደርደሪያው እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ አገዛዙም ሁለት ዓይነት ነው። ፓስታ፣ ሳሙና፣ ሶፍት ራስህ ታነሳለህ። የዱቄት ወተት፣ ሽቶ፣ ባትሪ ድንጋይ ግን ትጠይቃለህ። ወደ ኒዶ ቆርቆሮው እጄን ስዘረጋ ባለቤቱ፣ «እሱን እኔ ላውርድልህ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ይሄ አቀማመጥ ተመችቶኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ቦርሳህን በር ላይ አስረክበህ፣ ከማንም ጋር ሳታወራ ከፍለህ ትወጣለህ። እዚህ ባንኮኒው ያስወራሃል። አባባ ከስሩ የጅማ በርጩማ፣ ያቺን ከአንድ ግንድ የምትጠረብ ባለ ሦስት እግር፣ አውጥተው «እስኪያባራ ተቀመጥ» አሉ።

«ዱቤ የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከወረቀቱ ሥር የዱቤ ደብተሩ ተዘርግቷል። ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ልጅ ስኳር ወስዳ አስመዘገበች።

ዝናቡ ሲያባራ ሳሙናዬን ከፍዬ፣ የታሸገ ቡና እንዳለ ጠየቅኩ። ሳቁብኝ።

«ጅማ መጥተህ ቡና ከሱፐርማርኬት? ሂድ፣ ሂርማታ ገበያ ውረድ!»